ያ ሰውዬ ተጸጽቷል

ጋሼ ኑዕማን ስም አይጠሩም። ረስተው አይደለም፤ ቂም ይዘውም አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ የተጠለፈውን ቦይ ግራና ቀኝ ይዞ የሰፈረውን ሰው ሁሉ ከነአያቱ፣ ከነበሬው ቀለም ያውቁታል። ሲናገሩ ግን ሰው ሁሉ «እንትና» ነው። ዕቃ ሁሉ «እንትን» ነው። ከሁለቱ ያመለጠ ቢኖር «ያ ነገርዬ» ይሉትና ይገላገላሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ራቢዓ በአርባ ሁለት ዓመት ትዳር ይህን አነጋገር እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለምደውታል። «እስቲ ያንን እንትን ከእንትኑ ላይ አውርጂልኝ፤ እንትና ሊወስደው ይመጣል» ሲባሉ፣ ምንም ሳይጠይቁ ማጭዱን ከቆጡ ላይ አውርደው ለጎረቤታቸው ለኸድር በሩ ላይ ያስቀምጡለታል። የተሳሳቱት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን በማጭድ ፋንታ መጥረቢያ አወረዱ።

«አንቺ ሰው! እንትኑን አልኩሽ እንጂ እንትኑን አልኩሽ?» ብለው ተቆጡ ጋሼ ኑዕማን።

«አንቱ እኮ እኔን ሳይሆን ጠንቋይ ነበር ማግባት የነበረብዎት» አሉ እትዬ ራቢዓ መጥረቢያውን እየመለሱ።

የሚገርመው ነገር ይህ ሰው የውሃ አባት መሆናቸው ነው። የውሃ አባት ማለት በመስኖ ለሚያለማው ገበሬ ሁሉ የቦዩን ውሃ ተራ የሚያወጣ፣ የሚከፍት፣ የሚዘጋ፣ የተጣላውንም የሚዳኝ ሽማግሌ ነው። ቆላ ነውና ፀሐዩ ድንጋይ ያበስላል፤ ውሃ ለአንድ ሰዓት ከቀረ ሰው ከወንድሙ ጋር ይካሰሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ስም የማይጠራ ዳኛ ሃያ ዘጠኝ ዓመት መቆየቱ ለሰሚው ግራ ነው። የቆዩት ግን ስም ስለማይጠሩ ነው።

የዚያ ቦይ ደንብ እንዲህ ነው። ያለተራው ውሃ የሰረቀ ሰው በጉባኤ ፊት ስሙ አይነሳም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቦዩ ራስ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ሰዉ ይሰበሰባል። ጋሼ ኑዕማን ይነሱና «አንድ ሰውዬ ማክሰኞ ዕለት የሰው ውሃ ወስዷል» ይላሉ፤ ይቀመጣሉ። በቃ። ማንም ወደ ማንም ዞር አይልም። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ አንድ ሰው ደጃፋቸው ላይ ይቆማል፤ ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ይጀምራል።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ተጸጽቷል።»

«አልሐምዱሊላህ። ለመሆኑ ደህና ነው ሰውዬው?»

«ደህና ነው። ፍየሎቹን ብቻ ትንሽ አሟቸዋል።»

«አላህ ይማርለት። እንግዲህ የሚመጣውን ተራውን ለዚያ ለበደለው ሰው ይልቀቅ። አንድ ቀን ደግሞ የቦዩን ደለል ይጥረግ። ካገኘኸው ንገረው።»

«አገኘዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» ይልና ሰውዬው ራሱን ፍለጋ ይሄዳል።

ጋሼ ኑዕማን በዚያ ጉባኤ ስም ጠርተው የሚያውቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በተሾሙ በመጀመሪያው ዓመት። ወጣትነትም ሹመትም አንድ ላይ መጥተውባቸው ነበርና፣ የቦዩ ግድብ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ውሃው ወደ ነጅሙዲን ማሳ ሲፈስ ባዩ ጊዜ ተነሥተው «ነጅሙዲን ነው የሰረቀው» አሉ። ነጅሙዲን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ አልተከራከረም። በሦስተኛው ቀን ዕቃውን ጭኖ አጣዬ እኅቱ ዘንድ ገባ። እሱ ከሄደ በኋላ ግድቡ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረ። ጋሼ ኑዕማን ሮጠው ቢደርሱ አንዲት ከርከሮ ከነልጆቿ ጭቃው ውስጥ ተጋድማ አገኙ። አፈሩን የምትቆፍረው እሷ ነበረች።

አጣዬ ድረስ ሄደው እግሩ ላይ ወደቁ። ነጅሙዲን ዶሮ አሳርዶ አበላቸው፤ በአፉም በልቡም ይቅር አላቸው። መመለሱን ግን እምቢ አለ። «ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ። እዚያ ቦይ ላይ ግን ሌባው ነጅሙዲን ቀርቷል። አሁን እኔ ብመለስ ሁለት እንሆናለን» አላቸው። ጋሼ ኑዕማን ከዚያ ተመልሰው ጉባኤው ፊት ቆሙና፣ ሁለተኛ በዚህ ዛፍ ሥር የሰው ስም ከጠራሁ የውሃ አባትነቱን ተረከቡኝ ብለው ማሉ። ከመሐላው በኋላ ምላሳቸው ፈርቶ ቀረ። መጀመሪያ የሌባ ስም ተወ፤ ቀጥሎ የጎረቤት፤ በመጨረሻም የማጭድ።

ነገሩ በዚህ ቢቀር የመንደሩ ጨዋታ ሆነው በሰላም ያረጁ ነበር። አብዱልመሊክ መጣ እንጂ።

አብዱልመሊክ ሦስት አይሱዙ ያለው የከተማ ነጋዴ ነው። በቦዩ ራስ ላይ መሬት ተከራይቶ ፓፓያ ተከለ። ሰውዬው ሲያዩት ደግ ነው፤ ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ አረንጓዴ ቦት ጫማ አድርጎ ያገኘውን ሁሉ አቅፎ ሰላም ይላል። ለሐሙሱ ጉባኤ የፕላስቲክ ወንበር አመጣ፤ ድምፅ ማጉያ አመጣ፤ የውሃ ጉዳይ ለሚመክሩት ገበሬዎችም የታሸገ ውሃ በካርቶን አመጣ። ዶማ ይዞ ያየው ሰው የለም። በመጣ በስምንተኛው ወር ግን ከግብርና ጽሕፈት ቤት መኪና መጥቶ የሞዴል አርሶ አደር የምስክር ወረቀት ሰጠው። እሱም የወረቀቱን ፍሬም ፓፓያው መካከል በቆመች ጎጆ ውስጥ ሰቀለው፤ ፓፓያዎቹም እንዲያዩት ይመስላል።

ከዚያ ወዲህ በቦዩ ጅራት ውሃ ጠፋ።

አንድ ረቡዕ እትዬ አሲያ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በቦዩ መጨረሻ ግማሽ ጥማድ ሽንኩርት ያላቸው ሴት ናቸው። ዓመቱን የሚያልፉት በዚያች ግማሽ ጥማድ ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ ራስ የሚቋጥርበት ጊዜው ነበር።

«ጋሼ፣ ሽንኩርቴ እየሞተ ነው» አሉ ሳይቀመጡ። «ተራዬ ጁምዓ ነው። ያለፈው ጁምዓ ቀረብኝ፤ የዚያኛውም ቀረብኝ። ወንዱ ሁሉ ለሶላት መስጊድ ሲገባ ውሃው ድርቅ ይላል። ተነገ ወዲያ ካልመጣ ይጎዳል፤ የሚቀጥለውም ጁምዓ ካለፈኝ ግን አበቃ፣ ለፍየል ነው።»

«የሚወስደውን ሰው አይተሻል?»

እትዬ አሲያ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እኔ ምን አውቄ። ያ ሰውዬ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ ነዋ፣ እንትን የሚያደርገው።»

«ምን የሚያደርገው?»

«ያ አላህ! አንቱ ነዎት ደግሞ እንዲህ እያሉ የሚያፋጥጡኝ?» አሉና ተቆጥተው ሄዱ።

በማግስቱ ሐሙስ ጋሼ ኑዕማን ከቁርቁራው ሥር ተነሡ። «አንድ ሰውዬ፣ ሰው ለጁምዓ ሲቆም የደካማ ሰው ውሃ እየወሰደ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ድንገት ከፊት ከፕላስቲክ ወንበር ላይ ጭብጨባ ተሰማ። አብዱልመሊክ ነው። ብቻውን እያጨበጨበ ተነሣና ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቀነ።

«ጋሼ ኑዕማን ያነሡት ሐሳብ እጅግ በጣም ገንቢ ነው! እንዲህ ያሉትን አንዳንድ ግለሰቦች ሁላችንም በጋራ ልንታገላቸው ይገባል!»

ጋሼ ኑዕማን በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለዚያ ንግግር ያጨበጨበ ሰው አይተው አያውቁም።

ቢሆንም ጁምዓ ጠዋት በተስፋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ደንቡ ከሽፎ አያውቅምና። እውነትም ሰው መጣ። ኸድር ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ተጸጽቷል» አለ ጎረቤታቸው፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ። «ግን ጁምዓ አይደለም ያለው። ማክሰኞ ነው። ማሾው ጠውልጎበት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

እሱን አስተናግደው ሳይጨርሱ ሌላ መጣ። የሁለተኛው ሰውዬ የተጸጸተው እሑድ በወሰደው ውሃ ነው። የሦስተኛው ሰውዬ ከብቶቹን ለማጠጣት ነበር። አራተኛው በምርኩዝ የሚሄዱ ሐጂ ሲሆኑ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ያ ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው ያለው። እስከ ዛሬ ከብዶት ኖሯል።»

ቁርስ ሳይደርስ ጋሼ ኑዕማን አራት የተጸጸቱ ሰዎች ነበሯቸው፤ የሚፈልጉት ሰው ግን አንዱም አልነበረም።

ያን ቀን የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ ከማንም ጋር ሳይጨባበጡ ወደ ቦዩ ራስ ወጡ። ግድቡ በአካፋ ተቆርጦ የፓፓያ ቅጠል ተጎዝጉዞበታል። ጋሼ ኑዕማን በአንድ ነገር ብቻ ላለመሳሳት ፈለጉ፤ ተንበርክከው የከርከሮ ዱካ ፈለጉ። ሁለት ጊዜ ዞሩት። ጭቃውን አንሥተው አሸተቱት። የቦት ጫማ ዱካ እንጂ የከርከሮ የለም። ቀና ሲሉ አብዱልመሊክን አዩት። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ፣ በእግሩ ውሃውን ከአንዱ ፓፓያ ወደ ሌላው ይመራል። ጋሼ ኑዕማን ሮጠው ቁርቁራው ኋላ ገቡ። የሰረቀው እሱ፣ የተደበቁት እሳቸው።

እስኪሄድ ጠብቀው ግድቡን ደፈኑት፤ ግን የእትዬ አሲያ ተራ አልፎ ነበር። አራቱ ሰዎች የለቀቁትን ተራ ሁሉ ጋሼ ኑዕማን ለእትዬ አሲያ ሰጡ። ያም ቅዳሜና እሑድ ከቦዩ ራስ ሳያልፍ ቀረ። አራት ሰው የተጸጸተበትን ውሃ ፓፓያ ጠጣው።

ሰኞ ዕለት ባጃጅ ተሳፍረው ከተማ ወረዱ፤ «ያ ቤት» ወደሚሉት ጽሕፈት ቤት። እዚያ ኤፍሬም የሚባል ወጣት ባለሙያ አለ። ትሑት ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። አቤቱታቸውን ሰምቶ ፎርም አወጣ።

«እሺ ጋሼ፣ የበዳይ ስም ከነአያት?»

«አንድ ሰውዬ ነው።»

«ስሙን አያውቁትም?»

«አውቀዋለሁ እንጂ! አባቱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይንገሩኝ፣ ልሙላው።»

«ልጄ፣ ወረቀት ላይ የገባ ስም አይወጣም። አንድ ጊዜ አውጥቼ መመለሻ አጥቻለሁ።»

ኤፍሬም አሰበ። ጥቂት ጻፈና አነበበላቸው፦ «በቦዩ የላይኛው ክፍል በሚገኙ አንዳንድ ግለሰቦች አማካይነት በሚፈጠር ችግር…»

ጋሼ ኑዕማን ዓይናቸው በራ። «ቆይ! ይሄ የኔ አነጋገር አይደለም እንዴ? እናንተም ስም አትጠሩም?»

«እኛ እኮ ጋሼ፣ ‹አንዳንድ ግለሰቦች› አለን፤ ‹ባለድርሻ አካላት› አለን፤ ‹የሚመለከተው አካል› አለን።»

«ታዲያ አሁን ይሄን ማን ይወስንልኛል?»

«ከላይ ይታያል።»

«ከላይ ያለው ማን ነው?»

«ከላይ ነዋ።»

«ስሙ?»

ኤፍሬም በሩን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ በናትዎ፣ ስም አንጠራራ።»

ጋሼ ኑዕማን ከዚያ የወጡት ግራ ገብቷቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ብቻቸውን የያዙት የመሰላቸው ጥበብ እዚህ በደመወዝ ይሠራበታል። ልዩነቱን ግን ባጃጁ ውስጥ ሆነው አሰቡት። እሳቸው «አንድ ሰውዬ» ሲሉ አራት ሰው ጎህ ሲቀድ ደጃቸው ይመጣል። እነዚህ «አንዳንድ ግለሰቦች» ሲሉ የሚመጣ የለም፤ የሚያጨበጭብ እንጂ።

ረቡዕ ደብዳቤ መጣ። ክብ ማኅተም አለው። ማንበብ የሚችለው ኸድር ተጠርቶ ጮክ ብሎ አነበበ።

«‹ለሚመለከተው አካል› ይላል።»

«እሱ ማን ነው?»

«አልጻፈውም። ‹ባሉበት› ብቻ ነው የሚለው። ‹በቦዩ አካባቢ አንዳንድ ግለሰቦች የሚፈጥሩትን ችግር በተመለከተ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ እናሳስባለን።›» ኸድር ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ጋሼ፣ የሚመለከተው አካል እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለባጃጁ እዚህ ነው ያደረሰው።»

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ኑዕማን ቁርስ አልበሉም። እትዬ ራቢዓ ከፊታቸው መጥተው ቁጭ አሉ።

«ሰውዬው እኮ አያውቅም» አሉ።

«ምኑን?»

«ስለሱ እንደሚያወሩ። አንቱ የሚናገሩት ለሚያፍር ሰው ነው። ይሄኛው ደግሞ እንኳን ሊያፍር፣ ያጨበጭባል።»

«ብሳሳትስ? ያ… አጣዬ ያለው ሰውዬስ?»

«ከርከሮዋ ቦት ጫማ ነበራት?»

«የለም።»

«ስልክስ ታወራ ነበር?»

ጋሼ ኑዕማን መሳቅ ፈልገው አልሆነላቸውም። «ስሙን ካነሣሁ የውሃ አባትነቱ አበቃ፤ ምያለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ራቢዓ። «አሲያ ጠዋት አልፋ ስትሄድ አየኋት። ማሳዋ ዳር ቆማ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ትዳስሳለች፤ እንደ ታመመ ልጅ።» እንጎቻውን ወደሳቸው ገፋ አድርገው ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ከዛፉ በስተግራ ተቀምጠዋል፤ እትዬ አሲያ ከመካከላቸው ናቸው። ኤፍሬም ሊታዘብ ተልኮ መጥቶ ማስታወሻ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ከፍቷል። አብዱልመሊክ የታሸገ ውሃ ያድላል። ጋሼ ኑዕማን ተነሡ።

«አንድ ሰውዬ…» ብለው ጀመሩ።

«አሁንም አልተገኘም እንዴ ይሄ ሰውዬ!» አለ አብዱልመሊክ ጠርሙሶቹን አቅፎ እንደቆመ። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ያሳዩኝ። እኔ ራሴ ጆሮውን ይዤ አመጣልዎታለሁ!»

ማንም አልሳቀም። ኤፍሬም ጫማውን አየ። ጋሼ ኑዕማን ወደ ሴቶቹ ተመለከቱ፤ እትዬ አሲያ ቀና ብለው አላዩዋቸውም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጨብጠዋል። ነገ ጁምዓ ነው።

«አብዱልመሊክ» አሉ ጋሼ ኑዕማን።

ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም። ለሃያ ስምንት ዓመት ያልተከፈተ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ይመስል ነበር።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«አብዱልመሊክ የሱፍ እንድሪስ። አንተ ነህ።»

ከአብዱልመሊክ እቅፍ አንድ ጠርሙስ ወደቀ፤ ተንከባለለና ከሐጂው ምርኩዝ ሥር ቆመ። ማንም አላነሣውም።

«እኔ? ምን ማስረጃ አለዎት?»

«አይቼሃለሁ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰህ ነበር። ስልክ ታወራ ነበር። ውሃውን በእግርህ ትመራው ነበር።»

«ካዩኝ ለምን ያኔውኑ አልተናገሩኝም?»

«አፍሬ ተደበቅሁ» አሉ ጋሼ ኑዕማን። «አንተ የምታፍር መስሎኝ።»

አብዱልመሊክ ፊቱ ተለዋወጠና ወደ ኤፍሬም ዞረ። «ይሄ ስም ማጥፋት ነው! ሰማህ አይደል? መዝግብልኝ!»

ኤፍሬም እስክሪብቶውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ምናልባት «አንድ ግለሰብ» ብሎ መጀመር ይችል ነበር፤ ግን የትኛው ግለሰብ የትኛውን እንደሆነ ሁሉም ሰው ሰምቷል።

ያኔ ኸድር ብድግ አለ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! እኔ ለአንዲት ሰዓት ማሾ ብዬ፣ ተጸጽቼ፣ አንድ ቀን ሙሉ ደለል ጠርጌአለሁ! ወገቤ እስካሁን አልቀናም! እሱ ታሽጎ የመጣ ውሃ ያድለናል?»

«አንተ ነበርክ እንዴ ማክሰኞ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አዎ እኔ ነኝ! ምን ይሁን?»

«እኔ እሑድ ነኝ» አለ ሌላው። «ተራዬን ለቅቄ ቃሪያዬ ደርቋል!»

ሐጂው በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔም አሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ለሱ ፓፓያ ነው?» አሉ።

ከሁሉም ይልቅ የተናደዱት አራቱ ሌቦች ነበሩ። አካፋና ዶማ ይዘው ወደ ቦዩ ራስ ወጡ፤ ሌላውም ተከተላቸው። አብዱልመሊክ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ ከኋላ ከኋላ እየሮጠ «በሕግ አምላክ! በጋራ እንነጋገር! በጋራ!» ይላል። የፓፓያው ሠራተኞች መንገድ ለቀው ቆሙ፤ ከመካከላቸው የሁለቱ አባት ማሳ እዚያው በቦዩ ጅራት ነበር። ግድቡን በድንጋይ ገጥግጠው፣ በሸክላ አፈር መርገው፣ ሐጂውም በምርኩዛቸው ጠቅጥቀው ዘጉት።

ሲመለሱ ጋሼ ኑዕማን ከዛፉ ሥር እንደቆሙ ነበሩ። «ቃሌን አፍርሻለሁ፤ ተረከቡኝ» አሉ።

ሰው ለወጉ ያህል «ኧረ ይተዉ፣ ጋሼ» አለ። ለወጉ ያህል ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ኸድርን መረጠ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ቀለል አለው። ጋሼ ኑዕማንን ይወዷቸዋል፤ ግን ስም መጥራት የጀመረ ሰው ነገ የማንን እንደሚያነሣ አይታወቅም፤ በዚያ ቦይ ደግሞ አንዲት ሰዓት ያልሰረቀ የለም።

ኤፍሬም ከተማ ገብቶ ሪፖርቱን ጻፈ። አንዳንድ ግለሰቦች ከአንዳንድ ግለሰቦች ጋር የነበራቸው አለመግባባት በባለድርሻ አካላት ውይይት መፈታቱን አተተ። አብሮት የተለጠፈው ፎቶግራፍ ላይ መካከል ላይ ቆሞ ውሃ የሚያድለው አብዱልመሊክ ነው። የአብዱልመሊክ የስም ማጥፋት ክስ ማመልከቻም ገብቷል አሉ፤ ከላይ እየታየ ነው። ፓፓያው ግን እንደ ማንኛውም ማሳ ተራ ወጥቶለት ረቡዕ ረቡዕ ይጠጣል።

ከጉባኤው በማግስቱ፣ ጁምዓ ከሶላት መልስ ጋሼ ኑዕማን እግራቸው ወደ ቦዩ ጅራት ወሰዳቸው። ሥራ የላቸውም፤ ለማየት ነው። ውሃው ቅጠልና አረፋ እየገፋ መጣ። እትዬ አሲያ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ ዶማ ይዘው፣ ከመስመር መስመር እየዘለሉ አፉን ይከፍቱለታል። መሬቱ መጀመሪያ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ጠጣ።

«ያ ጥጉ ሞቷል» አሉ ሳያዩዋቸው። «ይሄን ያህሉ። ይሄኛው ግን ይተርፋል። ይዳስሱት እስቲ፣ ይሄ ይተርፋል አይደል?»

ጋሼ ኑዕማን ጎንበስ ብለው አንዱን ራስ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ጠንካራ ነበር። «ይተርፋል» አሉ።

እትዬ አሲያ ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ላብ ይሁን ሌላ አይታወቅም። ጥቂት ቆይተው ውሃው ከመስመሩ አልፎ መውጣት ጀመረ።

«በቃኝ! በቃኝ ጋሼ፣ ይዝጉልኝ!»

«እኔ እኮ አሁን መዝጋት አልችልም። መዝጋት ያለበት… ኸድር ነው።»

«ኸድር ምሳ ላይ ነው። እሱ እስኪጎርስ ሽንኩርቴ ይዋኝ?» አሉና ዶማውን ወረወሩላቸው። «ሹመቱን ነው እንጂ እጅዎን አልወሰዱትም። በዚያ በኩል ይጀምሩ፤ ጥልቁ እሱ ነው።»

ጋሼ ኑዕማን ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ገቡበት። ጭቃው በፀሐይ ሞቆ ነበር።